የልብን ትምህርት ከጉሮሮ እንጀምር

በትምህርት ቤቶቻችን ስለ ልብ ሕመምና ስለ ስትሮክ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ነው። የተጋበዘው ባለሙያ ማይኩን ይይዛል፤ አታጭሱ፣ ጨው ቀንሱ፣ ስፖርት ሥሩ ይላል፤ ተጨብጭቦለት ይሄዳል። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። ለ15 ዓመት ልጅ ግን ደም ብዛት የእናቷና የአያቷ ጉዳይ እንጂ የእሷ አይደለም።

ስለዚህ ትምህርቱ ከራሷ ዕድሜ ይነሣ እላለሁ። በአገራችን ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ብዙ ልጆቻችንን የሚጎዳው የልብ ሕመም የሚነሣው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም በወጉ ሳይታከም ሲቀር፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋበት ያዘጋጀው መከላከያ ዞሮ የራሱን ልብ ሊያጠቃ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚመጡት ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያልፋሉ፤ የልብ ቫልቮች ግን ጠባሳ ይዘው ይቀራሉ። ይህ ሕመም በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው። በየሰፈሩ ቶንሲል ነው ተብሎ ዝንጅብልና ማር ይሰጣል፤ ሲብስም እንጥል ይቆረጣል። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አይነካውም፤ ፔኒሲሊን ግን ይገድለዋል። ይህን ያወቀ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ታናሽ እህቱን ይዞ ጤና ጣቢያ ሊሄድ ይችላል። ሕመሙ ልቧን ነክቷት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መርፌ የምትወጋ የክፍል ጓደኛ ካለችውም ቀኑ እንዳያልፋት ያስታውሳታል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ልጃቸውን ይዘው ተራ የሚጠብቁ ወላጆችን ያየ ሰው፣ የአንድ ጉሮሮ በጊዜ መታከም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አይጠፋውም።

ሌላው በእጅ የሚሠራ ይሁን። ተማሪዎች ሁለት ጣታቸውን አንጓቸው ላይ አድርገው የልብ ምታቸውን ለ15 ሰከንድ ይቁጠሩና በ4 ያባዙት፤ ሜዳውን ዞረው ሮጠው ሲመለሱ ደግመው ይቁጠሩ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ደግሞ የቤታቸውን ጨው ያስሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል። ስድስት አዋቂዎች ላሉበት ቤት በወር 900 ግራም መሆኑ ነው። አንድ ኪሎው ጨው ወር ሳይሞላ የሚያልቅበት ቤት ልጅ፣ እናቱ ለምን ደም ብዛት እንዳለባት መጠየቅ ይጀምራል።

ስትሮክን በተመለከተ ደግሞ የሚገርም ሥራ ያየሁት ከኒውዮርክ ነው። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሐኪም ኦላጂዴ ዊሊያምስ የስትሮክን ምልክቶች በሂፕ ሆፕ ዘፈንና በካርቱን ለልጆች አስተማሩ፤ ልጆቹም ለወላጆቻቸው አደረሱት። እኛም ሚኒ ሚዲያ አለን፤ ግጥም የሚጽፉ፣ ድራማ የሚሠሩ ልጆች አሉን። ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር የሚሉትን ሦስት ምልክቶች በሚወዱት ዜማ ያዘጋጁዋቸው።

ግን በእኛ ቤት ሌላ እንቅፋት አለ። አያት በድንገት ሲወድቁ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አንዱ ምች ነው፣ ሌላው ልክፍት ነው ይላል፤ ልጅ አፉን ከከፈተ «አንተ ዝም በል» ይባላል። ያ ክርክር ጊዜ ይበላል፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከታየ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያውም በሲቲ ስካን ከተመረመረ በኋላ። ስለዚህ ድራማው ልጆቹ ታላላቆቻቸውን በአክብሮት፣ ግን ሳያፍሩ መናገርን የሚለማመዱበት ይሁን፤ «እማማ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉልኝ፤ ሁለቱንም እጅዎን ያንሡልኝ።» ከዚያ 907 ደውሎ አምቡላንስ መጥራት፣ ወይም የተገኘውን መኪና ማስቆም። ጸበሉ አይከለከልም፤ መጀመሪያ ግን ሆስፒታል። ይህንኑ ድራማ በወላጆች ቀን ካሳዩት፣ ቤት ውስጥ ዝም በል የሚለው ሰውም ከልጁ እኩል ሰምቶታል ማለት ነው።

የዓለም የልብ ቀን መስከረም 19፣ የዓለም የስትሮክ ቀን ጥቅምት 19 ላይ ይውላሉ። ትምህርት በተከፈተ ሰሞን በመስከረሙ የጉሮሮውን ነገር አስተምሮ፣ በመካከል ባለው አንድ ወር ድራማውን አጥንቶ በጥቅምቱ ለወላጆች ማሳየት ለማንኛውም ክበብ ይቻላል።