የኮሮላ ጫማ

ወዳጄ ለኮሮላው ‹‹ክረምት ከበጋ የሚሆን የስፖርት ጎማ›› ሊገዛ አስቦ ምክር ጠየቀኝ። ሰውዬው የሚመላለሰው ከቢቸና ሞጣ ነው!

ጎኑ ላይ ‹ቪ› ያለበት ጎማ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር፣ ‹ኤች› ያለበት 210 ይችላል። እስቲ ፍረዱ፤ በሬና አህያ በሚያቋርጠው መንገድ ማን ነው 240 የሚነዳ? ‹ኤም ፕላስ ኤስ› የሚለውም ጭቃና በረዶ ማለት ነው። በረዶው ግን መንገድ ላይ የሚተኛው የፈረንጅ በረዶ እንጂ ቆርቆሮ የሚደበድበው የእኛው አይደለም። ጭቃውም ቢሆን ዋልካን አያውቃትም። ከአስፋልት ወጣ ካልክ ዋልካ ጠባቡን ጥርስ ትሞላውና አዲሱን ጎማ ሊሾ ታደርገዋለች።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው ከፍታውን ነው። 195/65 የሚለው ጎማ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት 127 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ስፖርተኛው 205/45 ደግሞ 92 ብቻ። ድንጋይ ስትረግጥ ይቺ ልዩነት የቸርኬ ዋጋ ናት።

ቀጥሎ ዕድሜውን። ከ‹ዲኦቲ› መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች 2319 ከሆኑ በፈረንጆች 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መደርደሪያ ላይ ያረጀ ‹‹አዲስ›› ጎማ ሞልቷል።

ይህን ሁሉ ነገርኩት። ‹‹ግን ‹ቪ›ው ያምራል›› አለኝ።