የሚጮኸውን መኪና ዝም ስለ ማሰኘት

በቤት ውስጥ የሚሠራ መኪና ሁሉ፥ ሰዓትም ቢሆን የስፌት መኪናም ቢሆን፥ አንድ ቀን ድምፁ መለወጡ አይቀርም። በዚያን ጊዜ የብዙ ሰው ልማድ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ አንዱ ጆሮውን ደፍኖ እስኪሰበር ድረስ ይሠራበታል፤ ሌላው ዘይት አምጥቶ ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ያፈስበታል። ሁለቱም ስሕተት መሆኑን በዐይናችን ያየነው ባልጠበቅነው ነገር፥ ይኸውም በአንድ የመጫወቻ መኪና ላይ ነውና፥ ለአንባቢዎቻችን ልናጫውት ወደድን።

በአሜሪካ አገር፥ ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ የሚኖር አንድ ዘመድ አለን። ቀን በሥራ ላይ ስለሚውል፥ ከዐሥራ ሦስት ዓመት ልጁ ጋር የሚገናኘው ማታ ከእራት በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ለዚህችው አንዲት ሰዓት ብሎ ፒንቦል የሚባለውን የመጫወቻ መኪና አሮጌውን ገዝቶ በምድር ቤቱ አቆመ።

ይህን መኪና ላላዩት፥ በአራት እግሮች የቆመ፥ ላዩ በመስተዋት የተከደነ፥ ወደ ተጫዋቹ ጥቂት ያዘነበለ ገበታ ነው። ክብደቱ 80 ግራም፥ ውፍረቱ 27 ሚሊሜትር ያህል የሆነ የብረት ኳስ በገበታው ላይ ይንከባለላል፤ ተጫዋቹም በግራና በቀኝ ያሉትን ቍልፎች እየተጫነ በግርጌ ባሉት መቅዘፊያዎች ኳሱን እየመታ ይመልሰዋል። እነዚህ መቅዘፊያዎች የመጡት እ.ኤ.አ. በ1947 ሐምፕቲ ደምፕቲ በተባለው መኪና ነው። ከዚያ በፊት ኳሱ ከተለቀቀ በኋላ ነገሩ አብዛኛውን ለዕድል የተተወ ነበር፤ ስለዚህም የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1942 ጨዋታውን ከቁማር ቈጥሮ ከለከለው፤ ክልከላውም እስከ 1976 ድረስ ቆየ።

የዘመዳችን መኪና ዘ አዳምስ ፋሚሊ የተባለው፥ እ.ኤ.አ. በ1992 በቺካጎ ወጥቶ ከ20,000 በላይ የተሸጠው ዐይነት ነው። በገበታው ላይ አንዲት ትንሽ ሣጥን አለች። በጨዋታው መካከል ክዳንዋ ይከፈትና አንድ እጅ ብቅ ይላል፤ ጣቶቹም በኤሌክትሪክ ማግኔት ኳሱን ይዘው ወደ ሣጥኑ ይገባሉ። ልጆች ይህን ሲያዩ በደስታ ይጮኻሉ።

ነገር ግን መኪናው ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለ ስለ ሆነ፥ እጁ በወጣና በገባ ቍጥር እንደ ወፍጮ ያጓራ ጀመር። የቤቱ እመቤት እናት ደግሞ መኝታቸው በትክክል ከዚያ በላይ ነው፤ ማታ ጸሎታቸውን የሚያደርሱትም በዚያችው ሰዓት ነው። እርሳቸው አንድ ቀን እንኳ አላማረሩም። ልጃቸው ግን የእናትዋን ዝምታ ታውቀዋለችና፥ «እስከ እሑድ ዝም ካላለ ይሸጥ» ብላ ቈረጠች።

ዘመዳችንም ደንግጦ የማሽን ዘይት አፈሰሰበት። ሁለት ቀን ጸጥ አለ፤ በሦስተኛው ቀን ከቀድሞው ይልቅ ባሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው ሆነበት። እኛ በእንግድነት የደረስነው ቅዳሜ ነበርና ልጁ በራፍ ላይ ተቀብሎን፥ «ጋሼ፥ መኪናው ሊሸጥብን ነው» አለን። ነገሩ የመኪና ብቻ አለመሆኑን ያን ጊዜ ተረዳነው፤ መኪናው ቢሸጥ የአባትና የልጅ ሰዓት አብራ ልትሸጥ ነው።

አስቀድመን ያደረግነው መስማት ነው። በመኪናው ፊት ገንዘብ በሚገባበት በር ውስጥ የመፈተኛ ቍልፎች አሉ፤ በእነርሱ እጁን ብቻውን ማንቀሳቀስ ይቻላል። የረጅም የእንጨት ማንኪያ ጫፍ በጆሮ ላይ፥ ሌላውን ጫፍ ከሚዞረው ነገር አርቀን በማቀፊያው ብረት ላይ አድርገን ብንሰማ፥ ድምፁ ሁለት ሆኖ ተገኘ። አንዱ እንደ ከበሮ የሚንቀጠቀጥ፥ ሁለተኛው ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው የሚፍቅ ነው። ሁለት ድምፅ ካለ ሁለት ምክንያት አለ ማለት ነው፤ አንዱን የሚፈውስ ሌላውን አይፈውስም።

እጅ ከመግባቱ በፊት ግን ስፒናው ከግድግዳው ይነቀላል፤ ጥቂት ደቂቃም ይጠበቃል። በዚህ መኪና ውስጥ ያሉት ጥቅል ሽቦዎች በ50 ቮልትና ከዚያም በላይ ይሠራሉና ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም። ቀጥሎ መስተዋቱ ተስቦ ይወጣል፤ ጠርዙ ሲሚንቶ ከነካ በአንድ ጊዜ ሊደቅ ስለሚችል በብርድ ልብስ ላይ ይጋደማል። ገበታውን ቀና ከማድረግ በፊትም ሦስቱ ኳሶች ይወጣሉ፤ አለዚያ እየወደቁ ያገኙትን ይሰብራሉ። የሚፈታውንም ነገር ሁሉ ልጁ በቴሌፎኑ ፎቶግራፍ አነሣው።

ከዚህ በኋላ ሽቦዎቹን ሳንነቅል ሞተሩን ከማቀፊያው ፈትተን በታጠፈ ጨርቅ ላይ አሳረፍነው፤ እጃችንን አርቀን ስፒናውን ሰክተን ለቅጽበት ብናዞረው፥ የከበሮው ድምፅ ጠፋ፤ መፋቁ ብቻ ቀረ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ማቀፊያውን ከገበታው ጋር የሚያስረው ብሎን ላልቶ ነበር፤ ገበታውም ስስ እንጨት ስለ ሆነ፥ የበገና ገበታ የጅማቱን ድምፅ እንደሚያጐላ ሁሉ የሞተሩን መንቀጥቀጥ ያጐላው ነበር። ወይዘሮዪቱን ከጸሎት ያወከው ትልቁ ድምፅ ከአንድ የላላ ብሎን የመጣ ነው፤ ይህንንም ዘይት ከቶ ሊያጠብቀው አይችልም።

ስፒናውን መልሰን ነቅለን የመዘውሮቹን ሣጥን በካቻቪቴ ብንከፍት ደግሞ አሮጌው ግራሶ ደርቆ እንደ ሰም ሆኗል። አዲሱ ዘይት ከርሱና ከአቧራው ጋር ተለውሶ ጥርሶቹን የሚፍቅ ጭቃ አበጅቷል። ልጁ ሮንዴላዎቹን እንደ ተራቸው በነጭ ጨርቅ ላይ ደረደረ፤ እያንዳንዱን ጥርስም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በአልኮል አጠበ። አባቱ መብራት ያዘለት። የተሰበረ ጥርስ ቢገኝ ኖሮ አዲስ መዘውር ከመግዛት በቀር መድኃኒት አልነበረውም፤ ደግነቱ ሁሉም ደኅና ነበሩ። ላስቲክ የማይጐዳ ግራሶ ጥርሶቹን እስኪያለብስ ያህል ብቻ ተቀባ፤ የተረፈው ተጠረገ። መቅዘፊያዎቹን የሚገፋው ብረት ግን በደረቁ እንዲሠራ የተበጀ ስለ ሆነ፥ ዘይት ከነካው አቧራ ሰብስቦ ይያዛል፤ ስለዚህ እዚያ የፈሰሰውን ሁሉ ጠርገን አደረቅነው።

የእኛም ስሕተት አልቀረም። ድምፁን ፈጽመን ለማጥፋት ብለን ከማቀፊያው ሥር ወፍራም ጎማ ብናስገባ፥ በእርግጥ ጸጥ አለ፤ እጁ ግን ጥቂት ተንጋዶ ስለ ወጣ ኳሱን መያዝ አቃተው። ስለዚህ ጎማውን አውጥተን ብሎኑን በልክ አጠበቅነው። ጥቂት እርር የሚል ድምፅ ቀረ፤ እርሱም የሚሠራ ነገር ድምፅ ነው።

እሑድ ማታ አባትና ልጅ መጫወት ጀመሩ። አሮጊቷ እመቤት ከላይ ሆነው ምንም ቢያጡ ጊዜ፥ «ዛሬ ምነው ጠፉ?» ብለው በበትራቸው ተደግፈው ወረዱ። እጁ ከሣጥኑ ብቅ ብሎ ኳሱን ይዞ ሲገባ አይተው፥ «እኔ ወፍጮ የተከላችሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ሌባ ኖሯል የምታሳድጉት!» ብለው ሳቁ። እንደ ገና እንዲያሳዩአቸውም ሁለት ጊዜ አዘዙ። ልጃቸውም ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ እንዳይነካ ደንግጋ መኪናው እንዲቀር ፈቀደች።

እንግዴህ በቤታችሁ አንዳች መኪና ቢጮህ፥ ከዘይቱ ጠርሙስ በፊት ጆሮአችሁን አቅርቡ፤ የላላውን ከደረቀው፥ የደረቀውንም ከተሰበረው ለዩ። ልጆችም ካሉ መብራት ያዥ ብቻ አታድርጓቸው፤ አባት መብራቱን ይዞ ልጁ ይፍታ። በዚያች ቅዳሜ አባትና ልጅ አብረው የቆዩት አንድ ሰዓት ሳይሆን ስድስት ሰዓት ነበር።