ለተገራልን እንስሳ ያለብን ዕዳ



አንድ ሐሙስ ማታ ዶርም ውስጥ ስድስት ሰባት ሆነን አንድ ላፕቶፕ ከበን ተቀምጠን ነበር። ጨዋታው ሪምወርልድ ይባላል። መርከባቸው ተሰባብሮ በማያውቁት ፕላኔት ላይ የወደቁ ጥቂት ሰዎችን ይዘን መንደር እንቆረቁራለን፤ እናርሳለን፣ ቤት እንሠራለን፣ እንስሳ እናላምዳለን። ያን ማታ በጨዋታው ውስጥ የበረዶው ወራት ሊገባ ስለነበር ለአህዮቻችን ያከማቸነው ድርቆሽ እንደማይበቃ ገባን። አንዱ ወንድማችን ወረቀት አውጥቶ ማስላት ጀመረ፦ ስንት አህያ፣ በቀን ስንት ድርቆሽ፣ ብርዱስ ስንት ቀን ይቆያል? ሌላው "ሁለቱን እንሽጣቸውና እንገላገል" ሲል ሦስተኛው "ታዲያ እህሉን ማን ይሸከምልናል?" ብሎ ተቆጣ። በዚህ ክርክር ዒሻን ከጀመዓ ጋር መስገድ አመለጠን።

በማግስቱ ጁሙዓ ከግቢ ወደ መስጂድ ስንሄድ ማገዶ የተጫነች አህያ መንገድ ዳር ቆማ አገኘን። ከጭነቱ ሥር ገጣባዋ ይታያል፤ ዝንብ ወርሮታል። እኛም እንደ ሌላው መንገደኛ አለፍናት። ጥቂት እንደሄድን አንዱ "ትናንት ለሌለች አህያ ስንጨነቅ አመሸን፤ ያለችውን ግን ቆመንም አላየናት" አለ። የመለሰለት ሰው አልነበረም። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገን ያ ዝምታ ነው።

ጨዋታውን ለማውገዝ አልተነሣንም። ሶላትን ካላሳለፈና ጥናትን ካልበላ፣ ከብዙ ጨዋታዎች የተሻለ ቁም ነገር አለው። የካናዳዊው ታይናን ሲልቬስተር ሥራ ሲሆን ሙሉ ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በውስጡ የዱር እንስሳን በትዕዛዝ ብቻ የራስ ማድረግ አይቻልም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንስሳው የሚበላውን ይዞ ደጋግሞ መቅረብ አለበት። ሙከራው ሲከሽፍ ምግቡ ይባክናል፤ አንዳንዱ አውሬም ዞሮ ያጠቃል። ውሻ ዕቃ እንዲያመላልስና የቆሰለ ሰው እንዲያነሣ በትዕግሥት ይሠለጥናል። ዝሆንን የመሰለው እንስሳ ደግሞ ከለመደ በኋላም ሥልጠናው በየጊዜው ካልታደሰ ይረሳል፤ ቆይቶም ወደ ዱሩ ይመለሳል። አህያና ፈረስ በአጥር ውስጥ ሣር ይግጣሉ፤ ሣሩ ሲጠፋ ያከማቸ ባለቤት ይመግባል፣ ያላከማቸ ሬሳቸውን ይቆጥራል። እንስሳን ያላመደ ሰው ኃላፊነቱን ወስዷል ማለት ነው፤ ጨዋታው ይህን በደንብ ያስተምራል።

ሆኖም ከጨዋታው ወደ መንገዳችን ስንወጣ ሦስት ነገሮች ይለወጣሉ።

አንደኛ፣ በስክሪኑ ላይ እንስሳውን ስንጫን ረሃቡ በመስመር ተለክቶ ይታየናል። ማገዶ በተሸከመችው አህያ ላይ እንዲህ ያለ መለኪያ የለም፤ ማየት የሚፈልግ ዓይን ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ በጨዋታው ስንሳሳት ቀድመን ካስቀመጥንበት ቦታ መልሰን እንጀምራለን። የላጠ ጀርባ ግን ወደ ትናንት አይመለስም። ሦስተኛውና ትልቁ፣ የጨዋታው ዝሆን ቸል ሲባል ጥሎ ይሄዳል። የእኛ አህያና በቅሎ ቢራቡም ማታ ወደዚያው ደጅ ይመለሳሉ። የት ይሄዳሉ? እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የዘረመል ጥናት እንዳመለከተው አህያ ከሰው ጋር መኖር የጀመረው ከ7,000 ዓመት በፊት ገደማ በዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ ነው። ዛሬ የዱር ዘመዶቹ በአፋር ምድረ በዳና በአካባቢው ጥቂት ብቻ ቀርተዋል። ጥሎ መሄድ ለማይችል ፍጡር ከባለቤቱ ርኅራኄ በቀር መሸሻ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ የምናውቀውን ነገር እናስታውስ። መናኸሪያ ገብተን አውቶቡስ ላይ ስንሳፈር የምንለው የጉዞ ዱዓ ከሱረቱ ዙኽሩፍ የተወሰደ ነው። መልእክቱም የምንጓዝበትን የገራልን አላህ (ሱ.ወ.) መሆኑን፣ እኛ ግን በራሳችን ይህን የምንችል እንዳልነበርንና ወደ እርሱም ተመላሾች መሆናችንን ያስታውሰናል። በአማርኛችን "መግራት" የሚለው ቃል እዚህ መግባቱ ደስ ይላል፤ ወይፈን የሚገራ ገበሬ ቃሉን አሳምሮ ያውቀዋል። ከእኛ እጅግ የበረታች በቅሎ ለአንድ ሕፃን ልጅ ልጓም አንገቷን የምትሰጠው በእኛ ጉልበት አይደለም፤ የተገራችልን ናት። የገራት ጌታ ደግሞ መመለሻችን ስለሆነ ስለ እርሷ ይጠይቀናል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን በተግባር አሳይተዋል። በአቡ ዳውድ ዘገባ እንደምናነበው ከአንሷሮች የአንዱ አትክልት ቦታ ሲገቡ አንድ ግመል አይቷቸው አነባ። ቀርበው ዳበሱትና ጸጥ አለ፤ ከዚያም የማን እንደሆነ ጠየቁ። ባለቤቱ ሲመጣ ግመሉ እንደሚያስርበውና ከአቅሙ በላይ እንደሚያደክመው ስሞታ ማቅረቡን ነግረው አላህን እንዲፈራ አሳሰቡት። ድመት አስራ ምግብ የከለከለችው ሴት መጨረሻዋ እሳት መሆኑን፣ ለተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ደግሞ ምሕረት ማግኘቱን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። በ660 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ታላቁ ዓሊም አል-ዒዝ ኢብን ዐብዱሰላም የእንስሳትን መብት ሲዘረዝሩ፣ ያረጀና የታመመ፣ ጥቅም የማይሰጥ እንስሳም ቢሆን ቀለቡ በባለቤቱ ላይ እንደሆነ፣ ከአቅሙ በላይም እንደማይጫን ጽፈዋል። የእንስሳ ሐቅ ከሌላ አገር የመጣ አዲስ ወሬ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንምጣ። ባለፈው ዓመት ጥቂት ጓደኛሞች ሆነን ስሜን ተራሮችን ልንጎበኝ ወጥተን ነበር። እስከ ቡይት ራስ በመኪና ሄደን ከዚያ ወደ ሳንካበር በእግር ልንቀጥል አሰብን። ሳንካበር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል፤ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው እንኳ ያለከልካል። ባለ በቅሎው ዕቃችንን አይተው "ልጆቼ፣ ይህ የሁለት በቅሎ ጭነት ነው" አሉን። እኛ ግን ብር ለመቆጠብ አንዷ ትበቃለች ብለን ተከራከርን። የበቅሎ ሥራ በጠፋበት ጊዜ ስለነበር እሳቸውም እሺ አሉ። ብርድ ልብሱ፣ ድስቱ፣ ውሃው፣ የየራሳችን ቦርሳ ሁሉ በአንዷ ላይ ተቆለለ። ሳንካበር ደርሰን ጭነቱ ሲወርድ ጠፍሩ የበላት ቦታ ላይ ደም አየን። ባለ በቅሎው በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉላት፣ "ጭነቱ የሁለት፣ ገብሱ የአንድ" አሉ። አልተቆጡንም። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

እስከ ዛሬ ያች ንግግር ከጆሯችን አልወጣችም። የቆጠብነው ብር ከየት እንደመጣ ያየነው ያን ጊዜ ነው፤ ከበቅሎዋ ጀርባና ከገብሷ ላይ ነበር። በፊቅህ ከተስማማበት ጭነት በላይ ጭኖ የተከራየውን እንስሳ የጎዳ ሰው ኪሣራው በእርሱ ላይ ነው። "እሺ ብለውናል እኮ" ልንል እንችላለን። ነገር ግን የቸገረው ሰው እሺታ ምን ያህል እሺታ ነው?

አንዳንዶቻችሁ "በዚህ ዘመን ለሰው ያልተረፈ እህል ለበቅሎ ከየት ይመጣል?" ትሉ ይሆናል። ጥያቄው እውነት አለው። በጦርነቱና በጸጥታው መታወክ ጎብኚ ሲጠፋ በደባርቅ ዙሪያ በበቅሎ የሚያድሩ ቤተሰቦች ምን እንደደረሰባቸው እናውቃለን። ስለዚህ ባለ በቅሎውን መንገድ ላይ አስቁመን ሐዲስ የምንሰብክ፣ የራሳችንን ድርሻ ግን የምንዘል ከሆነ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆንብናል። ጭነቱን የምናበዛው፣ ዋጋውን የምናወርደው እኛ ተከራዮቹ ነን።

"ዳር ዳሩን ሣር ትጋጥ" የሚለውም መልስ አይሆንም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ ነበር፤ ከዝርዝሩ የወጣው በ2017 ነው። ፓርኩን ካስጨነቁት ችግሮች አንዱ ልቅ ግጦሽ ነበር። ያ ሣር የዋልያም ቀለብ ነው። ስለዚህ የጭነት በቅሎ ገብስና ድርቆሽ ተገዝቶ መቅረብ አለበት፤ ዋጋውም በኪራዩ ውስጥ ካልተካተተ ከእርሷ ሆድ ይቆረጣል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በጓደኞቻችን መካከል የተስማማንባቸውን ለእናንተም እናካፍላለን።

ለጉብኝት ስንወጣ የበቅሎውን ቁጥር የሚወስነው ባለ በቅሎው እንጂ ኪሳችን አይሁን። ሁለት ያስፈልጋል ከተባለ ሁለት፤ ገንዘቡ ካልበቃን ዕቃ እንቀንስ፣ ወይም ቦርሳችንን ራሳችን እንሸከም። ከመጫኑ በፊት ጀርባዋን እንይ፤ ገጣባ ካላት ሌላ ትምጣ። ከምሳችን በፊት ጭነቷ ይውረድ፣ ውሃም ትጠጣ። ለስንቅ ከምናዋጣው ብር ላይ የገብስ ድርሻ እንጨምርና ለባለ በቅሎው በአክብሮት፣ ምጽዋት ሳናስመስል እንስጥ።

ቤተሰቦቻችን ዘንድ ደግሞ የበለጠ መሥራት እንችላለን። ብዙዎቻችን የገበሬና የነጋዴ ልጆች ነን። ለዕረፍት ስንገባ ጠፍሩ ከሚያርፍበት ሥር የሚገባውን ድልዳል አይተን የተበላውን መቀየር፣ ቁስሉን በንጹሕ ውሃ አጥቦ እስኪድን ከጭነት ማሳረፍ ትልቅ ወጪ አይጠይቅም። የእንስሳት ሕክምናና የእርሻ ትምህርት የምትከታተሉ እህቶችና ወንድሞች ከእኛ የተሻለ ታውቃላችሁ፤ ያወቃችሁትን ለአባቶቻችን በትሕትና ንገሩ። ዒልም ሰደቃ ነው።

ጨዋታውንም መጫወት የፈለገ ይጫወት። ድርቆሽ ሲያሰላ ግን ከሊማሊሞ በታች፣ ከድብ ባሕር ያን ሁሉ ዳገት ጭነት ተሸክማ የምትወጣዋን ያስታውሳት። ከእርሷ በላይ ጥሪት የሌለው ባለቤቷንም አይርሳ።

በሚቀጥለው ዕረፍት መናኸሪያ ገብተን የጉዞውን ዱዓ ስናደርግ ያችን የሳንካበር በቅሎ እናስባታለን። አላህ በእርሷ ላይ ያጠፋነውን ይማረን፤ የገራልንን ሐቁን የምንጠብቅ ያድርገን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።