ብቸኝነት የፈረንጅ በሽታ ነውን?

ባለፈው ሰሞን በኅብረታችን ክፍል ውስጥ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። መነሻው ከግድግዳው ላይ የተለጠፈ የሥዕል ቅጂ ነው። ሥዕሉን ኤድዋርድ ሆፐር የሚባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ በ1942 ሠርቶታል፤ ስሙ «ናይትሆክስ» ይባላል፤ በኛ ቋንቋ «ሌሊት የማይተኙ» እንበለው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር እናስቀምጣለን።) አንድ ወዳጃችን ቅጂውን አየና «ይኸ የነሱ ጣጣ ነው። እኛ ዘንድ ዕድር አለ፤ ማኅበር አለ፤ ጎረቤት ቡና ይጠራራል። ብቸኝነት የፈረንጅ በሽታ ነው» አለ። ብዙዎቹም «እውነት ነው» አሉ። እኛ አቃቂ የምናድር ተማሪዎች ግን አልተስማማንም። ይሁን እንጂ የመጨረሻው አውቶቡስ ሊያመልጠን ሆነና ክርክሩን ሳንጨርስ ወጣን። የዚያን ዕለቱን መልሳችንን እነሆ እዚህ ላይ እንሰጣለን።

ሥዕሉን ላላየ አንባቢ ባጭሩ እንግለጸው። ሌሊት ነው። መንገዱ ባዶ ነው፤ ሱቆቹ ጨልመዋል። ከማዕዘኑ ላይ ግድግዳው በመላ መስተዋት የሆነ አንድ ቡና ቤት ብቻ በርቷል። ውስጡ አራት ሰዎች አሉ፤ ነጭ የለበሰ አስተናጋጅ፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ አንድ ወንድና ቀይ የለበሰች አንዲት ሴት፤ ከነሱ ራቅ ብሎም ጀርባውን ለኛ የሰጠ ባርኔጣ ያደረገ ሰው። የወንዱና የሴቲቱ እጆች ለመነካካት ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ ግን አልተነካኩም። እንግዲህ ይኸው ነው። የሞተ ሰው የለም፤ የሚያለቅስ የለም፤ የተራበም የለም። ቡናውም አለ። ታዲያ ይህን ሥዕል የሚያይ ሰው ሁሉ ዝም የሚለው ለምንድን ነው?

በኛ አስተያየት ምክንያቱ ሠዓሊው ካስቀረው ነገር ላይ ነው። ልብ ብሎ ያየ ሰው ከመንገዱ ወደዚያ ቡና ቤት የሚያስገባ በር እንዳልተሣለ ያስተውላል። ብርሃኑ ወደ ውጭ ፈሶ አስፋልቱን ያበራል፤ እኛ ተመልካቾቹ ግን ከጨለማው በኩል ቆመን እንቀራለን። አንደኛው ብቸኛ ሰው ጀርባውን የሰጠን ነው፤ ሌላው ከመስተዋቱ ውጭ የቆመው ተመልካች ነው። ሥዕሉ ያለቀው የአሜሪካ መርከቦች በፐርል ሐርበር ከተደበደቡ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፤ በጥር 1942 ነበር። ሆኖም በውስጡ ወታደር የለም፤ ባንዲራ የለም። በዚያው ዓመት የቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም በ3,000 ዶላር ገዛው፤ እስከ ዛሬም እዚያው ተሰቅሎ ይገኛል።

ስለ ሰውዬው ጥቂት እንበል። ሆፐር በ1882 በኒው ዮርክ ግዛት ናያክ በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ ተወለደ፤ በ1967 ሞተ። በወጣትነቱ ሦስት ጊዜ ፓሪስ ደርሶ ተመልሷል፤ ነገር ግን በዘመኑ ወጣቶችን ሁሉ ይዞ የሄደው አዲስ ፈሊጥ እሱን አልወሰደውም። ዓይኑ ያየውን መሣል ቀጠለ። በ1913 በአንድ ትልቅ ትርኢት አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል በ250 ዶላር ተሸጠለት። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል አንድም ሥዕል የገዛው ሰው አልነበረም! በነዚያ ዓመታት ለመጽሔትና ለማስታወቂያ ሥዕል እየሠራ ዕንጀራውን ይበላ ነበር፤ ሥራውን ግን አይወደውም ነበር። ከ1913 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ በኒው ዮርክ በዋሽንግተን አደባባይ በአንድ ቤት ላይኛ ፎቅ ላይ ኖረ። ስሙ ከገነነ በኋላ እንኳ ቤት አልቀየረም። በሕይወቱ መጨረሻ ገደማ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሥዕል ብቻ ይሠራ ነበር፤ ይህም ለፈተና ሰሞን ብቻ ለምናጠና ሰዎች የሚነግረን ነገር ሳይኖር አይቀርም።

ከዚህ ላይ ስለ ባለቤቱ ሳንናገር ብናልፍ ጥፋት ነው። ጆሴፊን ኒቪሰን ራሷ ሠዓሊ ነበረች። በ1924 ከተጋቡ በኋላ በሥዕሎቹ ውስጥ የምናያቸው ሴቶች ሞዴል አብዛኛውን ጊዜ እሷ ነበረች፤ ያቺ ቀይ ለባሿም እሷው ናት። የተሸጠውንና የተሠራውን በመዝገብ የምትጽፈውም እሷ ነበረች። ባሏ በሞተ በዓመቱ ሞተች፤ ሁለቱ የሠሩትንም ለአንድ ሙዚየም አወረሰች። የሱ ተከበረ፤ የሷ ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ቆየ። ስለ ብቸኝነት የሚከራከር ሰው ይህንንም ይቁጠርልን።

በ1927 የሠራው ሌላ ሥዕል ደግሞ አለ። አንዲት ሴት ሣንቲም ከተው ምግብ ከሚያወጡበት አስተናጋጅ የለሽ ምግብ ቤት ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። አንዱን የእጅ ሹራብ አውልቃለች፤ ሌላውን አላወለቀችም። ከኋላዋ ያለው መስኮት ጥቁር ነው፤ መንገድ አይታይበትም፤ የሚታይበት የጣራው መብራቶች ሰልፍ ብቻ ነው። ሴቲቱ ሰው ትጠብቃለች ወይስ ሰው ሸኝታ ነው? ሆፐር አይነግረንም። ሰዎች ብቸኝነት፤ ብቸኝነት እያሉ ስለ ሥራዎቹ ሲያወሩ ነገሩን አበዛችሁት ብሎ ነበር። ይህን ማለቱ የሚያስመሰግነው ይመስለናል። ኀዘንን ለመሸጥ የተነሣ ሠዓሊ ቢሆን ኖሮ እንባ ይጨምርበት ነበር፤ እኛም አይተን፤ አዝነን፤ ረስተነው እንሄድ ነበር። እሱ ግን ቦታ ለቆልናል። በ1930 የሠራው የእሑድ ጧት መንገድ ላይ በመጀመሪያ ከአንዱ መስኮት ውስጥ ሰው ሥሎ ነበር፤ ኋላ አጠፋው። ባዶው መስኮት ከሰውዬው ይልቅ ስለ ሰው ይናገራል።

ይህ ሥራ በሀገሩ ብቻ አልቀረም። በ1920 ገደማ ማንም ያልፈለገው ሰው መቶ ዓመት ሲሞላ፤ በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት የዓለም ሕዝብ ቤቱን ዘግቶ በተቀመጠ ጊዜ፤ በየሀገሩ ያሉ ሰዎች የሱን ሥዕሎች እየተቀባበሉ «ዛሬ ሁላችን በሆፐር ሥዕል ውስጥ ነን» ይባባሉ ነበር። እኛም በዚያ ወራት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከመስኮት ወደ መንገድ ስናይ ከርመናል። ያን ጊዜ «የፈረንጅ በሽታ» የሚል ሰው አልሰማንም።

አሁን ወደ አቃቂ እንምጣ። ነገሩ የሚጀምረው ከመብራት ነው፤ ሆፐርም ከሁሉ በላይ የመብራት ሠዓሊ ነውና። ለአዲስ አበባ ብርሃን የሰጠው፤ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል የተሠራው በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው። ብዙ ዘመን ሥራ ፈትቶ ኖሮ በ2016 ታድሷል። እንግዲህ የከተማው ሌሊት መብራት የተወለደው በኛ ወንዝ ላይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በ1917 አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡርም ከመጨረሻዎቹ ጣቢያዎች አንዱ አቃቂ ነበር። ዛሬ በዚያ ሐዲድ የሚያልፍ ባቡር የለም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መጣ፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ ሠራተኛ መጣ፤ ሰው ዘመዱን ሀገር ቤት ትቶ ለሦስት ሆኖ አንድ ክፍል ተከራየ። አንዱ ከሌሊት ሥራ ሲመለስ ሌላው ይወጣል፤ አልጋው አይቀዘቅዝም፤ ሁለቱ ግን ሳምንት ሙሉ ሳይነጋገሩ ይሰነብታሉ። ይህን ከአባቶቻችን ሰምተናል።

የኛ ዘመን ነገር ኮንዶሚኒየም ነው። በዙሪያችን ገላን፤ ቱሉ ዲምቱ፤ ኮዬ ፈጬ ተሠርተዋል። ቤቱ መልካም ነው፤ ውሃ ከመጣ መታጠቢያም አለው። ነገር ግን ቤቱ የሚገኘው በዕጣ ነው። ዕጣ ጎረቤት አይመርጥም። የመርካቶው ሰው ከቄራው ሰው አጠገብ፤ የጉለሌው ከማያውቀው ሰው በላይ ይደርሰዋል። ሠላሳ ዓመት ቡና ያጣጡ ሁለት እናቶች፤ አንዷ ገላን ሌላዋ የካ ይደርሳቸውና በስልክ ብቻ «እንዴት ሰነበትሽ» መባባል ይጀምራሉ። የአንዳችን እናት ከአራተኛ ፎቅ ሆነው ቡና ሲቆሉ ጭሱ በደረጃው ይወርዳል፤ ሦስት ሲኒ ያቀርባሉ፤ ሁለቱ ሳይነኩ ይመለሳሉ። እሳቸው «ይለመዳል» ይላሉ። ብዙውን ቀን ግን በረንዳው ላይ ቆመው የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው ሲያዩ ይውላሉ። ሆፐር በመስኮት አጠገብ የተቀመጡ ሴቶችን ደጋግሞ ሥሏል፤ እኛም እሳቸውን ባየን ቁጥር ትዝ ይለናል።

ዕድር አለ የተባለውስ? አለ፤ ዕድርን አንነቅፍም። ድንኳን ይተክላል፤ ንፍሮ ይቀቅላል፤ ሐዘንተኛውን ሦስት ቀን ብቻውን አይተውም። ነገር ግን ዕድር የሚደርሰው ሰው ሲሞት ነው። ገና ያልሞተውን፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ የሰው ንብረት የሚጠብቀውን ዘበኛ ማን ይጠይቀዋል? ከጎጃም የመጣ ነው፤ ዘመዱ ስልኩ ነው። ከበላዩ የፓውዛ መብራት አለ። የቆመበትን መሬት ብቻ ታበራለች፤ ከዚያ ውጭ ጨለማ ነው። እኛ በሚኒባስ ስናልፍ ለአፍታ እናየዋለን። እንግዲህ ወዳጃችን ይፍረድ፤ ይህ ሰው ፈረንጅ ነውን?

ቁም ነገራችን እዚህ ላይ ነው። ብቸኝነቱ በመካከላችን ሳለ ሥዕሉ የለንም፤ ሥዕሉ ስለሌለንም ብቸኝነቱ የሌለ ይመስለናል። አለ ፈለገ ሰላም በ1950ዎቹ መጨረሻ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ካቋቋሙ ወዲህ ሀገራችን ብዙ ሠዓሊ አፍርታለች። ግን በአንድ በኩል ጀግናውና ቅዱሱ፤ የገጠሩ ጎጆና ለቱሪስት የሚሸጠው የጀበና ሥዕል አለ፤ በሌላው በኩል ደግሞ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተመልሰው ያስተማሩት ረቂቅ ሥዕል አለ። ሁለቱንም እናከብራለን (ከጀበናው በቀር)። በሁለቱ መካከል ግን አንድ አምፖል ያለባት የኪራይ ክፍል ጠፍታ ቀርታለች።

ፍጹም ጠፍታለች ካልን ግን እንዋሻለን። ሠዓሊ ታደሰ መስፍን በ1953 ወልዲያ ተወልደው፤ በሌኒንግራድ ተምረው፤ በዚያው በአለ ትምህርት ቤት ለረጅም ዘመን ያስተማሩ ሰው ናቸው። «የሕይወት ምሰሶዎች» ባሏቸው ተከታታይ ሥራዎች የጉልት ነጋዴ ሴቶችን ሥለዋል። እንደ ሆፐር ዓይን ያየውን ብቻ የሚሠሩ አይደሉም፤ ሴቶቹን እንደ ሐውልት ያረዝሟቸዋል። እኛ ግን ሥራዎቹን ስናይ የያዘን ሌላ ነገር ነው። ሴቶቹ ጎን ለጎን ቆመው ሳለ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሐሳብ ተውጠዋል። ገበያ መካከል ሆኖ ብቻ መሆን እንዲህ ነው። በየቀኑ ቲማቲም የምንገዛቸውን እናት ዓይናቸውን አይተን እንደማናውቅ ያስታወሱን እሳቸው ናቸው። ይህን መንገድ ተከትሎ እስከ አቃቂ ሌሊት የሚወርድ ወጣት ሠዓሊ ይጠፋል ብለን አናምንም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሠዓሊ ለሕዝብ ተስፋ ማሳየት አለበት እንጂ ብቻውን የተቀመጠ ሰው መሣል ምን ይጠቅማል?» እንደሚሉን እናውቃለን። በበኩላችን እንዲህ እንላለን። ተስፋ የሚያሳይ ሥዕል በደርግ ዘመን በየአደባባዩ ነበር፤ ክንዱን ያነሣ ሠራተኛ፤ ደረቱን የነፋ ገበሬ። ሠራተኛው ግን ከሰልፉ ወደ ኪራይ ክፍሉ ሲመለስ የሚከተለው ሠዓሊ አልነበረም። ያን ሰው ደክሞት አልጋው ጫፍ ላይ እንደ ተቀመጠ ያየው የለም። ሆፐር በሥዕሉ ላይ መፈክር ሳይጽፍ፤ ያ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ማንም የማያውቀው ሆኖ ሳለ፤ ሰማንያ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ስለሱ እንዲጨነቅ አድርጓል።

ስለዚህ ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጥሪ እናቀርባለን። በ2015 የተከፈተው የከተማ ባቡር መስመር ቃሊቲ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሚኒባስ ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ኑ፤ ፋብሪካዎቹ ተረኛ የሚቀይሩበትን ሰዓት እናሳያችኋለን። ወረቀትና እርሳስ ይበቃል፤ ፎቶግራፍ ማንሣት ግን ዘበኞቹ አይወዱም። ማደሪያ ላጣ ሰው የአራተኛ ፎቋ እናት ቤት አለ፤ ሦስቱም ሲኒ ይጠጣል።

ያ ተከራካሪ ወዳጃችን ትናንት ከቅጂው ፊት ቆሞ አገኘነው። ስለ ክርክሩ አንዳች አላነሣም። «ለመሆኑ በሩ በየት በኩል ነው?» ብቻ አለን።