ቡናው የካፋ፣ ስሙ የሌላ

ለውጭ ሰው ሲታይ የቡናን ዋጋ የሚወስኑት እርጥበት፣ ደረጃና የኒውዮርክ ገበያ ብቻ ይመስላሉ። ቡና ውስጥ ያደገ ነጋዴ ግን ሌላም ነገር እንዳለ ያውቃል፤ እሱም መተማመን ነው። የካፋ ገበሬ ጀንፈሉን ተሸክሞ ሚዛን ፊት ሲቆም ከሚዛኑ ይልቅ መዛኙን የሚያየው ለምንድን ነው? ከቦንጋ ተጭኖ የወጣው ቡና ለስንት ዓመት በማን ስም ተሸጠ? ትርፉስ የት ከተማ ቀረ? መልሱን የሚፈልግ ሰው ከመቶ ሃያ አምስት ዓመት በላይ ወደ ኋላ መሄድ ይኖርበታል። የድሮ ቁስል ለመነካካት አይደለም። ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ገንዘቡን ሊያፈስ የተነሳ ባለሀብት ከመሬቱና ከቡናው ጋር አብሮ የሚረከበው ይህንኑ ታሪክ ስለሆነ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና።

በምድር ላይ ያለች ደሴት

ካፋን ባሕር አይከባትም። ሆኖም ለዘመናት የኖረችው እንደ ደሴት ነው። በሰሜን የጎጀብ፣ በምሥራቅ የኦሞ ወንዝ ይከልሏታል፤ ወንዝ በሌለበት በኩል ደግሞ ሕዝቡ ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ፣ አጥር አጥሮ፣ ኬላ አቁሞ ነበር። የውጭ ነጋዴ እንደ ልቡ አይዘዋወርም። ቦንጋ ላይ ይቆማል፤ እዚያው ይሸጣል፣ እዚያው ይገዛል፣ በመጣበት ይመለሳል። ኮረሪማ፣ ማር፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና፣ ባሪያም ጭምር፣ በዚህ በር ይወጣ ነበር። አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ማርትሬዛ ብር ይገባ ነበር። በዛሬ ቋንቋ ሲነገር በሩን የያዘው ሻጩ ነው፤ ዋጋም የሚነገረው በሻጩ ደጅ ነበር።

ይህ በር በ1889 ዓ.ም ተሰበረ። ዓድዋ ላይ ድል በተገኘ በዓመቱ የአፄ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ወደ ካፋ ዘመተ። ደጃዝማች ተሰማ ናደው፣ ደጃዝማች ደምሰውና የጅማው አባ ጅፋርም በየአቅጣጫቸው ተሰለፉ። የማዕከሉ ጦር ጠመንጃ በብዛት የታጠቀ ሲሆን አብዛኛው የካፋ ተዋጊ የያዘው ጦርና ጋሻ ነበር። ያም ሆኖ ዘመቻው ወራት ፈጀ። መናገሻዪቱ አንድራቻ ጠፋች። ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት በጫካ ተሸሽገው ከቆዩ በኋላ በ1890 ዓ.ም መባቻ ተማረኩ፤ ወደ መሀል አገር ተወስደውም ከሃያ ዓመት በላይ በግዞት ኖረው አረፉ። የካፋ ዘውድ እንኳ ከአገር ወጥቶ ስዊዘርላንድ ደርሶ ነበር፤ የተመለሰው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው።

ከጦሩ በኋላ የመጣ ሒሳብ

ዘመቻ ያልፋል፤ የሚከብደው ከዘመቻው በኋላ የሚመጣው ነው። ካፋን የያዘው ጦር ደመወዝተኛ አልነበረም፤ ደመወዙ ራሱ ገበሬው ነበር። ለወታደሩ እንደ ማዕረጉ ገባር ይመደብለታል። ገባሩ እህልና ማር ያቀርባል፣ ያርሳል፣ ጭነት ይሸከማል። መክፈል ያቃተው አገር ጥሎ ይሸሻል፤ ያልሸሸው ለባሪያ ፈንጋይ ይጋለጣል። ረሃብና በሽታ ተጨምሮበት ሰው የሞላው አገር ተራቆተ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ከፊቷ ከተደቀኑት ከባድ ጥያቄዎች አንዱ የባሪያ ንግድ ነበር፤ ደቡብ ምዕራቡ ደግሞ ፍንገላው ከበረታባቸው አገሮች ዋነኛው ነው።

የንግድ ሰው በዚህ ውስጥ ሌላም ነገር ያያል። ሠራተኛው የጠፋበት መሬት አያመርትም፣ ግብርም አያስገባም። ገዢው ለጥቂት ዓመት ጠገበ፤ አገሩ ግን ለትውልድ ከሰረ። ላሚቱን አርዶ ወተት እንደ መጠበቅ ያለ ሒሳብ ነው።

የጎረቤቱ የጅማ መንገድ የተለየ ነበር። አባ ጅፋር ሳይዋጉ ገብረው፣ በየዓመቱ ግብር እየላኩ፣ የውስጥ አስተዳደራቸውን እንደያዙ ቆዩ። የሂርማታ ገበያ በዚህ ሰላም ተጠቀመ፤ የነጋዴውም እግር ከቦንጋ ወደ ጅማ ዞረ። ከጣሊያን መውጣት በኋላ አስተዳደሩ እንደገና ሲደራጅ «ካፋ» የሚለው ስም ለሰፊው ጠቅላይ ግዛት ተሰጠ፤ መቀመጫው ግን ጅማ ሆነ። ቢሮው፣ ባንኩና መጋዘኑ ጅማ ላይ ተተከለ። ጥንታዊው ካፋ፣ ቦንጋን ይዞ፣ በገዛ ስሙ በሚጠራ ግዛት ውስጥ አንድ አውራጃ ሆኖ ቀረ። ጥፋቱ የጅማ ነጋዴ አይደለም፤ መንገድ ወደ ሄደበት መሄድ የነጋዴ ጠባይ ነው። መንገዱን የቀየሰው ሌላ ነው።

ስሙ የጠፋበት ጀንፈል

የቡናውም ዕጣ ከዚህ አላመለጠም። ከደቡብ ምዕራብ የሚወጣው ያልታጠበ ቡና በውጭ ገበያ በአመዛኙ የታወቀው «ጅማ» በሚለው ስም ነው። የካፋው ጀንፈል ጅማ ይገባል፣ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል፣ በጅማ ስም ይላካል። በደርግ ዘመን ነጋዴው ለቡና ገበያ ኮርፖሬሽን ኮታ ያስገባ ነበር፤ ዋጋውም ከላይ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ከ1983 ዓ.ም በኋላ ገበያው ለግሉ ነጋዴ ተከፈተ፤ ይሁን እንጂ ጨረታው የሚካሄደው ከቦንጋ ርቆ ነበር።

በ2001 ዓ.ም ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መሸጥ ሲጀምር ቦንጋም የመረከቢያ መጋዘን አገኘች። ለአቅራቢው ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ገንዘቡ በወቅቱ ይደርሰዋል፣ ሚዛኑም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አሠራሩ ቡናውን በአካባቢና በደረጃ እየደባለቀ ስለነበር የአንድ ቀበሌ ቡና ከነማንነቱ ገዢው ዘንድ አይደርስም ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ኢትዮጵያ ከስታርባክስ ጋር የገባችበት የንግድ ምልክት ክርክር በ1999 ዓ.ም በስምምነት አልቋል። የተከራከረችባቸው ስሞች ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ ነበሩ። ካፋ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። «ኮፊ» የሚለው ቃል ከካፋ መጣ መባሉ የሚያከራክር ነው፤ በአገሩ ቋንቋ ቡና «ቡኖ» ይባላል። የአረቢካ ቡና የዱር መገኛ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑ ግን አያከራክርም። ይህን የያዘ አገር ስሙ በከረጢት ላይ ሳይጻፍ መቅረቱ ለላኪውም ለአገሩም ኪሳራ ነው።

ይህ ዓይነት ነገር የደረሰው በካፋ ብቻ አይደለም። ባሕር የከበባት ኩባ ከስፔን እጅ ስትወጣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1901 የፕላት ማሻሻያ በተባለው ሕግ በውስጥ ጉዳይዋ ጣልቃ የመግባት መብት ያዘች። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1934 ተሻረ፤ ስኳሩ ግን ቀረ። ብዙው የስኳር መሬትና ፋብሪካ የአሜሪካ ኩባንያዎች ነበር፤ ትልቁ ገዢም አሜሪካ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1960 በሁለቱ መካከል ጠብ ሲነሳ የስኳር ኮታው በአንድ ውሳኔ ተቆረጠ፤ ደሴቲቱም ወደ ሶቪየት ኅብረት ዞረች። ሰንደቅ ዓላማው የራስ ሆኖ ገዢው አንድ ብቻ ከሆነ ነፃነቱ ግማሽ ነው። ጉልበተኛውም ቢሆን በደጁ የነበረውን ገበያ አጥቶ ቀርቷል።

አሁን በሩ የማን ነው?

በመስከረም 2014 ዓ.ም በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ካፋ ከአጎራባቾቹ ጋር ሆኖ ኅዳር ላይ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልን መሠረተ፤ ቦንጋም ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆነች። ቢሮው ተመልሷል ማለት ነው። ገበያው ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ማድረቂያው፣ ማበጠሪያው፣ መቁያው፣ ከውጭ ገዢ ጋር የሚደረገው ድርድር፣ አብዛኛው አሁንም ሌላ ከተማ ነው።

«ታሪክ አይበላም፤ ገበያ ደረጃ እንጂ ስም አያውቅም» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ትናንት ያስኬድ ይሆናል፤ ዛሬ አያስኬድም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት ቡና አስመጪ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ማሳየትና ደን ተመንጥሮ ያልተመረተ መሆኑን ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። የሕጉ መጀመሪያ ቀን ከአንዴም ሁለቴ ተገፍቷል፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድብልቅ ጀንፈል ዋጋው እየወረደ፣ መገኛው የታወቀ የደን ቡና እየተፈለገ ይሄዳል። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በአገር ውስጥም አዋጅ ቁጥር 1051/2009 መገኛው የታወቀ ቡና ተለይቶ እንዲሸጥ በር ከፍቷል። ስለዚህ ለካፋ ስሟን መመለስ ለላኪው ምጽዋት አይሆንበትም፤ የሚሸጠው ዕቃ አካል ነው።

ይህ ከሆነ ከነጋዴው ሦስት ነገር ይጠበቃል። አንደኛ፣ ካፋ ላይ የተገዛ ቡና ከነቀበሌው ተመዝግቦ በካፋ ስም ይላክ። ሁለተኛ፣ ዋጋ የሚጨምረው ሥራ፣ ማለትም ማበጠሩ፣ ማሸጉና መቅመሱ፣ ቢያንስ በከፊል ቦንጋ ላይ ይሠራ። ከአዲስ አበባ አራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ገለባ ጭኖ መምጣት ለነጋዴውም አያዋጣም።

ሦስተኛው ደኑን ይመለከታል። በወረቀት ላይ «ባዶ ደን» ተብሎ ለኢንቨስተር የሚቀርበው መሬት በካፋ ሰው ዘንድ ባዶ አይደለም። «ቆቦ» በሚባለው ባህላዊ ሥርዓት ጫካው ተከፋፍሎ ባለቤት አለው፤ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ የማን እንደሆነ ይታወቃል። የ1967 ዓ.ም አዋጅ መሬቱን የመንግሥት ሲያደርግ ይህን መብት ከወረቀት አወጣው እንጂ ከሰው ልብ አላወጣውም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቦንጋ አካባቢ የተሞከረው አሳታፊ የደን አስተዳደር ተጠቃሚውን ማኅበረሰብ በውል ያስገባው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዞኑ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ይዞ፣ ቀፎ ሰቃዩን ሳያነጋግር ጫካ የሚገባ ባለሀብት በ1889 የተሰበረውን በር እንደገና የሚሰብር መስሎ ይታያል። የጥበቃ ወጪው፣ ክርክሩና የሚባክነው የለቀማ ወቅት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ይህ ወጪ በየትኛውም የአዋጭነት ጥናት ላይ መግባት ያለበት ነው።

ሚዛኑ ለቦንጋም ነው

እውነት ለመናገር ካፋም ንጹሕ አይደለችም። የጥንቱ መንግሥት ከሱ ያነሱትን ጎረቤቶቹን ያስገብር፣ ባሪያም ይሸጥ ነበር። በጫካው ጥግ የሚኖሩት ማንጆዎች አብሮ ከመብላትና ከመጋባት ተገልለው ኖረዋል፤ መገለሉም ጨርሶ አልጠፋም። ዛሬ ከሰል፣ ማርና ቡና ይዘው ገበያ የሚወጡት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። አዲሱ ክልልም መቀመጫውን ለቦንጋ፣ ለታርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ ማከፋፈሉ ያለ ነገር አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሕዝብ ሌላ መሀል አገር እንዳይፈጠርበት ሰግቷል። ስጋቱ ተገቢ ነው። ከአዲስ አበባ ፍትሐዊ ሚዛን የምትጠይቅ ቦንጋ ያንኑ ሚዛን ለማንጆው፣ ለሸኮውም ማቆም አለባት።

የመጪው ለቀማ ሲደርስ የነጋዴው መኪና እንደተለመደው የጎጀብን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ቦንጋ ይወርዳል። ሲመለስ የጫነው ቡና ያው ነው። የሚለየው ከረጢቱ ላይ የሚጻፈው ስምና ጀንፈሉ ሲመዘን ገበሬው የሚያየው ፊት ነው። ሁለቱም በነጋዴው እጅ ናቸው።