የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ከኪናዙ ጋር የሚያያዘው ፕሮቲን

ስለ ካንሰር ሲነገር ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ኪናዝ ነው፤ በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት የሚለጥፈው ኢንዛይም። በዚህ እትም ግን ሰፊውን ቦታ የሰጠነው ለአገናኝ ፕሮቲኖች ነው።

ምሳሌያችን ሲኤምኤል የተባለው የደም ካንሰር ነው። 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ሲለዋወጡ ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለ፣ ማረፍ የማያውቅ ኪናዝ ይፈጠራል። ታይሮሲን 177 በተባለው ስፍራ በራሱ ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ግረብ2 የተባለው አገናኝ ይህን ምልክት ለይቶ ይይዛል፤ በሌላ ወገኑ ሶስ የተባለውን ፕሮቲን ይዞ ይመጣል፤ ሶስም ራስ የተባለውን ፕሮቲን ያነቃዋል። ሕዋሱ ያለማቋረጥ እንዲባዛ ይታዘዛል። በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ላደገ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ግረብ2 ፉርጎን ከፉርጎ የሚያያይዘው መንጠቆ ነው፦ ሞተር የለውም፣ ያለ እርሱ ግን ጭነቱ አይንቀሳቀስም። ተመራማሪዎች ያቺን አንዲት ስፍራ ሲለውጧት በአይጦች ላይ ሲኤምኤልን የሚመስለው በሽታ ሳይነሳ ቀርቷል። እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢማቲኒብ ኪናዙን ራሱን ያግዳል። በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታካሚዎች በእርዳታ ፕሮግራም በነፃ አግኝተውታል። ከድሬዳዋ ተነስቶ እስከዚያ መጓዝ ግን ለአቅመ ደካማ ቀላል አይደለም። ክኒኑ ሲቋረጥ ኪናዙ ሥራውን ሊቀጥል፣ ግረብ2ም ዳግም ሊያያዝ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለታካሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው ነው፤ ለሐኪሞች የተጻፈው ከእርሱ ይቀጥላል።