«ከፍያለሁ» ስለሚል ሰው፤ በጋራ የልብስ ማጠቢያ መኪና ምክንያት የተጻፈ

ሰው ልብሱን የሚያጥብበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ለራሱ ደስ እንዲለው፥ ሁለተኛው ደግሞ አጠገቡ የሚቀመጠውን ሰው እንዳያስቀይም ነው። እንግዲህ የገዛ ልብሱን አንጽቶ ለባልንጀራው እድፉን ትቶለት የሚሄድ ሰው፥ ከሁለቱ ምክንያቶች አንዱን ብቻ ያወቀ ሁለተኛውን ግን ገና ያልተማረ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። አንባቢው ወደ ፊት እንደሚያየው፥ ከነዚህ ሰዎች አንዱ እኔ ራሴ ነበርሁ።

የምኖረው በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ፥ ብዙ ያገራችን ሰዎች በሚኖሩበት ሰፈር፥ ባንድ ትልቅ የኪራይ ሕንጻ ውስጥ ነው። እንደዚህ ባለው ሕንጻ ውስጥ በየቤቱ የማጠቢያ መኪና የለም። ከምድር ቤት ባለው ክፍል ጥቂት የማጠቢያና የማድረቂያ መኪናዎች ተተክለዋል፤ ተከራዩም ሁሉ በየተራው ቅርጫቱን ተሸክሞ ይወርዳል። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1934 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በቴክሳስ ክፍለ ግዛት በፎርት ዎርዝ ከተማ አንድ ነጋዴ አራት የኤሌክትሪክ ማጠቢያ መኪናዎች አቁሞ በሰዓት ያከራይ ጀመር። ጊዜው ሥራ የጠፋበት፥ ገንዘብም የከበደበት ዘመን ስለ ነበረ፥ የራሱን መኪና መግዛት ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ በጎ ነገር ነበር፤ ዛሬም ነው። ስለዚህ ክርክሬ ከመኪናው ጋር አይደለም፤ ከተጠቃሚው ጋር ነው።

ተጠቃሚውን ስለ ምን መኪናውን እንዳቆሸሸው ትቶ እንደ ሄደ ብትጠይቀው እንደዚህ ይልሃል፤ «እኔ ከፍያለሁ። መኪናውም ቢሆን በውሃና በሳሙና ሲሽከረከር የሚውል ስለ ሆነ ራሱን በራሱ ያጥባል። የቀረ ነገር ቢኖር ባለቤቱ ያጽዳው።» ይህ መልስ ለጆሮ ትክክል ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን አንዱም ቃል አይቆምም።

መኪናው ራሱን ያጥባል ስለ ተባለው ልጀምር። በፊቱ በኩል የሚከፈተው መኪና በአፉ ዙሪያ የጎማ ቀለበት አለው፤ ሳሙና የሚጨመርበትም መሳቢያ አለው። በነዚህ በሁለቱ ቦታዎች ውሃ ይቋጥራል፥ የሳሙና ዝቃጭ፥ ጠጉርና የቆዳ ቅርፊት ይከማቻል፤ መዝጊያው ተዘግቶ ሲያድር ደግሞ እርጥበቱ አይወጣም። በዚያ ውስጥ ሻጋታና ልዩ ልዩ ጀርም እየተራባ እንደ ንፍጥ ያለ ሽፋን ያበጃል። ከዚህም በላይ፥ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብና ጨርቁ እንዳይጎዳ በማለት፥ ብዙ ሰው ዛሬ የሚያጥበው በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ቁጠባው መልካም ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱ ሲቀር ጀርሙን የሚገድለው አንዱ ትልቅ መሣሪያ ቀረ ማለት ነው።

ይህ ከንቱ ማስፈራሪያ አለመሆኑን አንድ ነገር ያስረዳናል። በጀርመን አገር ባንድ ሆስፒታል፥ በ2012ና በ2013፥ በአራስ ሕፃናት ክፍል ውስጥ አንድ ዓይነት ጀርም እየተደጋገመ በሕፃናቱ ላይ ይገኝ ነበር። ሐኪሞቹ ከየት እንደሚመጣ ብዙ ፈልገው በመጨረሻ ያገኙት በአንድ የልብስ ማጠቢያ መኪና ውስጥ፥ በሳሙናው መሳቢያና በጎማው ቀለበት ላይ ነው። መኪናው በሰው ቤት የሚሠራበት ዓይነት ነበር እንጂ ለሆስፒታል የተሠራ አልነበረም፤ የሚታጠብበትም የሕፃናቱ የሹራብ ቆብና የእግር ሹራብ ነበር። መኪናው ከዚያ ሲነሣ ነገሩ ቆመ። የቦን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትም ታሪኩን በ2019 አሳትመው አወጡት። ደግነቱ ሕፃናቱ ጀርሙ ተገኘባቸው እንጂ በእርሱ አልታመሙም።

እኔም ነገሩን ከልክ በላይ አላጋንነውም። ጤነኛ ለሆነ ሰው በጋራ መኪና ማጠብ ትንሽ አደጋ ነው፤ አብዛኛውን እድፍ ሳሙናና ውሃ ይዞት ይሄዳል፤ ከቀረውም ብዙውን የማድረቂያው ሙቀት ይገድለዋል። ነገር ግን መኪናው ጤነኛውን ብቻ መርጦ አያስተናግድም። ካንተ ቀጥሎ የሚመጣው የአራስ ጨርቅ የያዘች እናት፥ ወይም የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ፥ ወይም ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ሆስፒታሎች የበሽተኛ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ25 ደቂቃ እንዲሆን ይመከራል። በመኖሪያ ቤቶች ግን የውሃ ማሞቂያው ብዙውን ጊዜ የሚስተካከለው በ49 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ «ሙቅ» የሚለውን ቁልፍ መጫን ሁሉን አያነጻም።

አሁን «ከፍያለሁ» ወደሚለው ቃል እንምጣ። ወንድሜ ሆይ፥ የገዛኸው ምንድን ነው? የገዛኸው ውሃውን፥ ኤሌክትሪኩንና ግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ ነው። ከአንተ በኋላ የሚመጣውን ሰው ተራ አልገዛህም። ድልድይ ሲያልፍ ቀረጥ የከፈለ ሰው ድልድዩን አፍርሶ ለመሄድ መብት አያገኝም።

ይህን ቃል ለሌላው የምናገረው በራሴ ላይ ደርሶ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት ልጄን እከክ ያዘው። ሐኪሙ ቅባት ሰጠንና፥ ባለፉት ሦስት ቀናት ውስጥ የነካነውን ልብስና አንሶላ ሁሉ በሙቅ ውሃ እንድናጥብ፥ በማድረቂያውም በከፍተኛ ሙቀት እንድናደርቅ አዘዘን። የእከክ ተባይ ከሰው ገላ ከተለየ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ አይኖርም፤ 50 ዲግሪ ሙቀትም በ10 ደቂቃ ይገድለዋል። ይህን ሁሉ ሰምቼ ወደ ምድር ቤት ወረድሁ። እዚያ ስደርስ ግን ቀለሙ እንዳይለቅ፥ ጋቢውም እንዳይኮማተር ብዬ በቀዝቃዛ አጠብሁት፤ ለማድረቂያውም መክፈል ስላሳዘነኝ እርጥቡን ሰብስቤ ወጣሁ። መኪናውን አልወለወልሁም።

በበሩ አጠገብ አንዲት አሮጊት ያገራችን ሰው የልጅ ልጃቸውን ልብስ ይዘው ተራ ይጠብቁ ነበር። «ልጄ፥ ጨርሰሃል?» አሉኝ። «አዎን እማማ፥ ይግቡ» አልኋቸው። «ተባረክ» ብለው መረቁኝ፤ እኔም አሜን ብዬ ደረጃውን ወጣሁ። ስለ ልጄ በሽታ አንድ ቃል አልነገርኋቸውም፤ ማፈሬ ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ እማማን እከክ ያዛቸው። ከእኔ ይምጣባቸው ወይም ከሌላ፥ ማንም ሊያስረዳ አይችልም፤ እከክ ብዙውን ጊዜ የሚተላለፈው ገላ ከገላ ጋር ሲነካካ ነውና። ነገር ግን በምድር ቤቱ ውስጥ ወሬ ተነዛ። «አሮጊቷ የነኩትን መኪና አትንኩ» እየተባለ ይነገር ጀመር። አንዳንዱ እሳቸው ሲገቡ ቅርጫቱን አንሥቶ ይወጣል። እኔም ያንን ወሬ ቆሜ እሰማ ነበር፤ ዝምም አልሁ። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚለውን ተረት ሳውቀው፥ የኔው እንጨት መሆኑን ግን አልመሰከርሁም።

በመጨረሻ ከቤታቸው ሄጄ ሁሉን ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ «እከኩስ በቅባቱ ለቀቀኝ ልጄ፤ ሰው ግን እስካሁን ካጠገቤ ይነሣል» አሉኝ። ሌላ ምንም አልተናገሩም። እኔ ግን ለማድረቂያው ካልከፈልሁት ሳንቲም ይልቅ ምን ያህል የሚበልጥ ዕዳ እንዳለብኝ ያን ቀን ገባኝ።

ከዚህ በኋላ፥ ሌላውን በመሸሽ ንጹሕ የሆነ ለሚመስለው ሰው የምለው አለኝ። አንዱ «የእነ እገሌ አገር ሰዎች ቆሻሾች ናቸው» ይላል፤ ሌላው በየቤቱ በሽተኛ የምታስታምመውን ሴት የሥራ ልብስ አይቶ ፊቱን ያዞራል። ጀርም ግን አገር የለውም፤ ፓስፖርትም አይጠይቅም። ሰው እየሸሹ መኪናውን ሳያጸዱ መተው ንጽሕና አይባልም፥ ትዕቢት ነው። ይልቁንም ሽሽቱ ሌላ ክፉ ነገር ይወልዳል፤ የሚያፍር ሰው በሽታውን ይደብቃል፥ የተደበቀውም በሽታ ለሁሉ ይደርሳል። የኔ ዝምታ የተወለደው ከዚህ ነው።

«ባለቤቱ ያጽዳው» የሚለው ደግሞ ከፊሉ እውነት ነው። ገንዘብ የሚሰበስብ ባለቤት የሚሞቅ ውሃ፥ ነፋስ የሚገባበት ክፍልና በየጊዜው የሚጸዳ መኪና የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ይህን ካላደረገ ተከራዮቹ ባንድነት ፈርመው በጽሑፍ ሊጠይቁት ይገባል። ነገር ግን ባለቤቱ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ አንተ ግን ካጠብህ በኋላ ሁልጊዜ እዚያው ነህ። በ1847 በቪየና ሆስፒታል ዶክተር ሴሜልቫይስ፥ የወላዶቹን ሞት የሚያመጣው ሬሳ መርምረው የሚመጡት የሐኪሞች እጅ ነው ብሎ፥ ሐኪሞቹ ክሎሪን ባለበት ውሃ እንዲታጠቡ አደረገ፤ ሞቱም እጅግ ቀነሰ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ከነበሩት ሊቃውንት ብዙዎቹ ነገሩን አልተቀበሉትም፤ የተማረ ሰው እጁ ቆሻሻ ነው ሲባል ይከፋዋልና። እኛም ከዚያ ዘመን ሐኪሞች እምብዛም አልራቅንም።

በአገራችን ወንዝ ወርዶ ልብስ የሚያጥብ ሰው ከላይ ማን እንዳለ፥ ከታችም ማን ውሃ እንደሚቀዳ በዓይኑ ያያል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲመረምሩ፥ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚህም የተነሣ እንዶድ በዓለም የታወቀ ሆነ። አጣቢዎቹ ሳያውቁት ከታች ላለው ሰው በጎ ሠሩ። እንግዲህ ሳያውቁት በጎ የሚወርድ ከሆነ፥ ሳያውቁት ክፉም ይወርዳል። መኪናው ያደረገብን ነገር ቢኖር፥ ከታች ያለውን ሰው ከዓይናችን መሰወሩ ነው።

የሚገባንን መሥራት ከባድ አይደለም። የሕፃን ጨርቅ ከመኪናው ከመግባቱ በፊት ቆሻሻው ወደ ሽንት ቤት ይራገፍ። ሳሙና በልክ ይሁን፤ የበዛው ሳሙና ዝቃጭ ሆኖ ይቀራልና። በሽተኛ ያለበት ቤት ልብሱን በሚችለው ሁሉ በሙቁ ይጠብ፥ በማድረቂያውም በከፍተኛ ሙቀት ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ ያቆየው፤ ከዚያም መኪናውን ባዶውን በሙቅ ውሃና በበረኪና አንድ ጊዜ ያዙረው። በረኪናን ግን ከኮምጣጤ ወይም አሞኒያ ካለበት ነገር ጋር ማንም እንዳይቀላቅል፤ መርዛም ጋዝ ያወጣል። እከክ የነካው ሊታጠብ የማይችል ዕቃ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ አንድ ሳምንት ይቆይ። ሲጨርሱ የጎማውን ቀለበትና መሳቢያውን በጨርቅ መወልወል፥ መዝጊያውን ገርበብ አድርጎ መተው፥ የማድረቂያውን ብናኝ ማውጣት፥ ቆሻሻውን ልብስ የነካ እጅንም መታጠብ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። «ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚባለው ለልብስ ብቻ አይደለም፤ ለጉርብትናም ነው።

ከእማማ ቤት በወጣሁ በማግሥቱ በምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ሰቀልሁ፤ በአማርኛ፥ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽም «በሽተኛ ያለበት ሰው ያጠበበትን መኪና ቍጥር እዚህ ይጻፍ፤ ባዶውን በሙቅ እስኪዞር ሌላው ይታገሥ» የሚል ጻፍሁባት። ስም መጻፍ አያስፈልግም ነበር። ይሁን እንጂ ከሁሉ አስቀድሜ የኔን ስም፥ የልጄን እከክና ያን ቀን ያጠብሁበትን መኪና ጻፍሁ። አንዳንዱ ሰው አንብቦ ከእኔ ሸሸ፤ ይገባኛልና አልተቀየምሁም። እማማ ግን ቅርጫታቸውን ይዘው መጥተው፥ በዚያው መኪና ልብሳቸውን ከተቱ።